ቴስተሩ ስልሳ ብሎ ነበር

በከሊፋ ግቢ ገዢ ወይም ተከራይ የሚመጣለት ማሽን በዚያው ቀን ጠዋት ይታጠባል። ግቢው ከጂቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሰዎቹ ፔካ ዱዝ በሚሉት አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚወጡ የጭነት መኪናዎች የሚሰለፉበት መንገድ ዳር ነው። ከዱባይና ከጃፓን በመርከብ የመጡ ያገለገሉ ኤክስካቫተሮች እዚያ ይራገፋሉ። ይጠገናሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ከዚያ ይሸጣሉ ወይም ከነኦፕሬተራቸው ይከራያሉ። የመጨረሻው ሥራ እጥበት ነው። አንድ ሰው በፓምፕ የሚገፋ ቱቦ ይዞ ከሰንሰለቱ እስከ ካቢናው ጣሪያ ውሃ ይለቅበታል። ውሃው የጂቡቲ ውሃ ነው፤ ሻይ ቢያፈሉበት እንኳ ጨው ጨው ይላል።

የግቢው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ገለታ ይህን እጥበት ይጠላል።

«ሐጂ፣ እባክህ ይሄን ነገር ተው» ይለዋል ከሊፋን። «እኔ የምጠግነውን ውሃው ይበላዋል።»

«ሳትታጠብ የምትዳር ሙሽራ የት አይተሃል?» ይላል ከሊፋ። ልጅነቱን ድሬዳዋ ከአጎቱ ሱቅ ነው ያሳለፈው፤ አማርኛውን እዚያ ለቅሞታል፣ ቀልዱንም ጭምር።

ገለታ የተወለደው ድሬዳዋ ነው። አባቱ የሞጆ ሰው ነበሩ፤ የምድር ባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ሆነው ተዛውረው በዚያው ቀሩ። እሱ ደግሞ የጣቢያዎቹን ስልክ የሚጠግነው ቡድን ውስጥ ገባ። አለቃው ከበበው የሚባል፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። በሁለት ጣቢያዎች መካከል ስልክ ሲቋረጥ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ የሞኝ ሥራ ነው ብሎ አስተማረው። መሃሉ ላይ ውረድ፤ ምሰሶው ላይ ወጥተህ ወዲህም ወዲያም ደውል፤ የማይመልስልህን ወገን ያዝ፤ የእሱን መሃል ፈልግ። ከበበው ሌላም ነገር ይል ነበር። ዝናብ የመታው መስመር በዚያው ቀን ደህና ይናገራል፤ ሽቦው እስኪበላ ጠብቅ።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአገሩ ዕቃ ሁሉ ወደ ጂቡቲ ወደብ ዞረ። ባቡሩ ተጨናነቀ፣ መስመሩ በየቀኑ ይበጠስ ጀመር። ገለታ በጂቡቲ በኩል ያለውን ስልክ እንዲጠግን ተላከ። ጦርነቱ አለቀ፤ ባቡሩም በቁሙ እየሞተ ሄደ። ገለታ አልተመለሰም። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር የጣውላና የቆርቆሮ ክፍል ተከራየ፤ የጭነት መኪና ዲናሞና መብራት እየጠገነ ኖረ። ፈረንሳይኛውን ከምድር ባቡር ይዞ መጥቷል፤ ሶማሊኛና ዐረብኛን ከጋራዥ ተማረ።

በ1999 ዓ.ም. አካባቢ አዲሱ ወደብ ሲሠራ ኤክስካቫተሮቹ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ያየው ማሽን ስክሪኑ በጃፓንኛ ይናገር ነበር። ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ጉልበት የለውም፤ ክንዱ እንደ ታመመ ሰው እጅ ቀስ ብሎ ይነሳና መሃል ላይ ይቆማል። መካኒኮቹ ፓምፑን ሁለት ጊዜ ፈትተው ገጠሙት። ፓምፑ ጤነኛ ነበር። ገለታ መጽሐፍ አልነበረውም፤ ሽቦ ብቻ ተከተለ። ሞተሩ የራሱ ኮምፒውተር አለው፣ ፓምፑ የራሱ፣ በኦፕሬተሩ ፊት ያለው ስክሪንም የራሱ። ሦስቱ የሚነጋገሩት እንደ ሹሩባ በተጠማዘዙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። አንዱ ሌላውን መስማት ሲያቅተው ማሽኑ ለራሱ ይፈራል፤ ጉልበቱን ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ገለታ ይህን ሲረዳ ሳቀ ይባላል። የጣቢያ ስልክ ነበር።

በሁለቱ ሽቦዎች ጫፍና ጫፍ አንዳንድ ትንሽ ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪኩን የሚገታ ቁራጭ፣ ተቀምጧል። ማሽኑ ጠፍቶ መለኪያው ቴስተር ሲገባባቸው ስልሳ ካሳየ ሁለቱም ጫፎች በቦታቸው አሉ ማለት ነው። መቶ ሃያ ካሳየ አንዱ ወገን ተቆርጧል። ስልሳ የገለታ ቁጥር ሆነ። ኦፕሬተሮቹ «ሙሴ ስልሳ» ይሉት ጀመር፤ ሙሴ የድሬዳዋና የጂቡቲ ሰው ለፈረንጅና ለባለሙያ የሚሰጠው ማዕረግ ነው።

ሚስቱ ጀዋሪያ የወሎ ሰው ናት፣ የሐርቡ። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታም ሰፈር በአንድ የፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ወደ ካርቲየ 5 የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ዘቢባ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት። ዘቢባ ወደ ሳዑዲ ልትሄድ በጂቡቲ አለፈች፣ እህቷ ቤት ሁለት ሌሊት አደረች፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ አልተሰማም። የጀልባው ሰዎች ደርሳለች አሉ። አብረዋት ከነበሩት አንዷ ግን አልደረሰችም አለች። ጀዋሪያ ሁለቱንም አመነች፤ እንደ ቀኑ።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወንድሟ ዘከሪያ መጣ። ዕድሜው ሠላሳ ገደማ ነው። ወሎ ውስጥ መንገድ የሚሠራ የቻይና ድርጅት ጋ ኤክስካቫተር ነድቷል፤ ሥራው ሲያልቅ መሬት የለው፣ ሚስቱ ወልዳለች፣ እሱም እንደ ሌሎቹ ሳዑዲ ማለት ጀመረ። ኦቦክ የሚወስደው ደላላ ስልክ ቁጥር ኪሱ ውስጥ ነበር።

የመጣበት ዓርብ ሦስቱም በዚያች ክፍል ተቀምጠው ሩዝ ይበላሉ።

«የምን ባሕር ነው?» አለች ጀዋሪያ። «ገለታ፣ አንተ ተናገረው።»

«ምን ልበለው? ትልቅ ሰው ነው።»

«ትልቅ ሰው! ዘቢባም ትልቅ ሰው ነበረች። እኔ ሁለተኛ ልቅሶ አልቀመጥም፤ ይሄን ልጅ ባሕር አታሳየው።»

ዘከሪያ ሩዙን እየጠቀለለ ሳቀ። «እሜቴ፣ ባሕሩ እኮ ከበራችሁ ላይ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ልኑር?»

«ኤክስካቫተር ትነዳለህ አይደል?» አለ ገለታ።

«እነዳለሁ።»

«በደንብ?»

«በባኬቱ የክብሪት እንጨት አነሳልሃለሁ ጋሼ።»

በማግስቱ ገለታ ወደ ከሊፋ ወሰደው። ከሊፋ ማሽን የሚያከራየው ከነኦፕሬተሩ ስለሆነ ጥሩ እጅ ሁልጊዜ ይፈልጋል። ዘከሪያ ግቢው ጥግ ያለውን አሸዋ ከአንድ ክምር ወደ ሌላው አዛወረ። ከሊፋ ቆሞ አየው። ወረቀት እንዳለው ጠየቀ፤ የለውም። «ወረቀት ሥራ ሲኖር ይመጣል» አለ ከሊፋ። «ይቺን ይያዛት።»

ይቺ ያላት ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ያረጀች ማሽን ነበረች። ከመጣች ጀምሮ፣ ቀትር ላይ ሞተሯ በጋለ ቁጥር ስክሪኗ ላይ ቀይ ምልክት ይወጣል፤ ግንኙነት የለም የሚለው ምልክት። ትንሽ ስትቀዘቅዝ ራሷ ትመለሳለች። እንዲህ ያለው ብልሽት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሲፈልጉት ይደበቃል። ገለታ መሃሉን ያዘ። በካቢናው ወለል ሥር ያለውን ትልቅ ሶኬት ነቅሎ ወዲህና ወዲያ ለካ። ወደ ሞተሩ ያለው ወገን ይዋዥቃል። የዚያን ወገን መሃል ፈለገ፤ ከካቢናው ጀርባ በጎን በር ውስጥ ሌላ ሶኬት አለ። ሲከፍተው ውስጡ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። አንድ ሰው በሌላ አገር ሽቦውን ቆርጦ በቴፕ ጠቅልሎታል። ገለታ ቆርጦ ጣለው፣ ሽቦውን ዳግም ጠመዘዘ፣ ሁለቱንም ሶኬት በአዲስ ተካ። ቴስተሩ ስልሳ አለ። ዘከሪያ በጋለው ቀትር ሲነዳት ዋለ፤ አልጠፋችም።

ገለታ ለከሊፋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ይቺን አታሳጥባት።»

«እሺ» አለ ከሊፋ።

ተከራዩ ከወደቡ ማዶ ባለው ረግረግ ዳርቻ ቱቦ የሚቀብር ድርጅት ነበር። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ሜዳ ሆኖ ይገለጣል፤ ማሽን ገብቶ ይቆፍራል፣ ባሕሩ ሳይመለስ ይወጣል። ማሽኗ በምትሄድበት ጠዋት ከሊፋ ገለታን ወደብ ላከው፤ ከመርከብ የወረደ ሌላ ማሽን እንዲያይ። ሲመለስ ያቺ ማሽን ሊጭናት ከመጣው ሎቤድ መኪና ፊት ቆማ ውሃ ታንጠባጥባለች። አጣቢውን ማንም አትጠብ አላለውም ነበር። ወይም ተነግሮት ረስቷል። በዚያ ግቢ ተከራይ የሚመጣለት ማሽን ይታጠባል፤ ትእዛዝ አያስፈልገውም።

ገለታ የጎኑን በር ከፈተ። ውሃ ከውስጥ ወረደ። የካቢናውን ምንጣፍ አነሳ፤ እዚያ ደረቅ ይመስላል። ቴስተሩን አስገባ።

የሎቤዱ ሾፌር ጡሩምባውን ነፋ።

«ስንት ይላል?» አለ ከሊፋ።

«ስልሳ።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል?»

«አሁን ስልሳ ነው። ሁሉንም ነቅዬ ማድረቅ አለብኝ። ነገ ትሂድ።»

«ነገ ሌላ ግቢ ሌላ ማሽን ይወስዳሉ። ኦፕሬተሩንም ከዚያው። አንተ ነህ የምታውቀው።»

ዘከሪያ ካቢና ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የሚያብረቀርቅ አዲስ ሰደርያ አጥልቀውለታል። አውራ ጣቱን በመስታወቱ አሳየው። ገለታ በሩን ዘጋው።

«ከጠፋችብህ ደውልልኝ» አለው። «ምንም ሳትነካ ደውል።»

ዘከሪያ በወሩ ለሚስቱ ገንዘብ ላከ። ሁለተኛውን ወር ጨምሮ ላከ። ጀዋሪያ ዓርብ ስትመጣ ወንድሟን ቤት ተኝቶ ታገኘዋለች፤ ቀስቅሳ ታበላዋለች። የደላላው ቁጥር ያለበትን ብጣሽ ወረቀት እራሷ ቀደደችው። ዘከሪያም አልከለከላት፤ ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ነበር።

ዘከሪያ የደወለ ቀን ገለታ ግቢ ውስጥ በሌላ ማሽን ሆድ ውስጥ ነው። ቀትር አልፏል። በጂቡቲ ቀትር ሲያልፍ ጫት ከተማ ይገባል፣ ሥራ ይቆማል።

«ጋሼ፣ ወደቀች።»

«ስክሪኑ ምን ይላል?»

«ቀዩ። የምታውቀው።»

«የት ነህ?»

«ጉድጓዱ አፍ ላይ ነኝ። ልወጣ ስል ነው የጠፋችው። ቁልፉን ብመታ አትነሳም።»

«ባሕሩስ?»

«እየመጣ ነው። ገና ነው ግን።»

«ሰው አለ አጠገብህ?»

«ማን ይኖራል? ጫት ገብቷል እኮ። ዘበኛው ብቻ አለ። እሱ ደግሞ የሚቅመው ወደ መካ ዞሮ ነው፣ እኔን አያየኝም።»

ገለታ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነና ማሽኗን ከፊቱ አቆማት።

«ምንጣፉን አንሳ። ከወንበሩ ጀርባ። ነጭ ትልቅ ሶኬት አለ።»

«አለ።»

«ንቀለው። ውስጡ ምን ይመስላል?»

«ንጹሕ ነው። አይ፣ ጥግ ላይ ነጭ ዱቄት ነገር አለው።»

«በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። እፍ በልበት። መልሰህ ግጠመው። ቁልፉን ክፈት፣ ሳታስነሳ ቆይ፤ ቀዩ ጠፋ?»

«ጠፋ! ጋሼ ጠፋ!»

«አስነሳ። ቀስ ብለህ ውጣ።»

በስልኩ ውስጥ ሞተሩ ሲነሳ ሰማ። ሰንሰለቱ ጭቃ ሲመጥጥ ሰማ። ከዚያ ድምፁ ወረደ፣ ወረደና ቆመ።

«ጋሼ።»

«ሰማሁ። ስንት ሄድክ?»

«የማሽኑን ቁመት ያህል።»

ገለታ ተነስቶ ወደ መንገዱ እየሮጠ ታክሲ ያዘ። ለሾፌሩ ቦታውን በሶማሊኛ ነገረና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ያን ጊዜ ማለት የሚችለው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ተዋትና ውጣ ነው። ዳርቻው ሩቅ አልነበረም፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ ይወጣ ነበር። ግን ማሽን ባሕር ውስጥ ጥሎ የወጣን ኦፕሬተር ጂቡቲ ውስጥ ማንም ቁልፍ አይሰጠውም። ቁልፍ ያልተሰጠው ዘከሪያ የት እንደሚሄድ ገለታ ያውቃል።

«ሁለተኛው ሶኬት ውጭ ነው» አለው። «በጎን በር ውስጥ። ሰንሰለቱ ላይ ቆመህ ትከፍተዋለህ። ቁልፉን ክፍት ተወው፣ ሲገጥም ስክሪኑ ይነግርሃል።»

«ሰንሰለቱ ጋ ውሃ ደርሷል።»

«አትቸኩል። ጨርቁን አፍህ ውስጥ ያዘው፣ እንዳይረጥብ።»

ዘከሪያ ወረደ። ሲናገር አፉ ታፍኗል። ከፈትኩት አለ። አረንጓዴ ነው አለ። ውስጡ ሁሉ አረንጓዴ ነው ጋሼ።

«ጥረገው። በጥፍርህ ፋቀው።»

«ጫማዬ ገባ።»

«ፋቀው። እሺ? ፋቀውና ግጠመው።»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ገለታ ታክሲው ውስጥ ደግሞ ደወለ፣ ደግሞ ደወለ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየውና ጉንጩ ውስጥ ያለውን ጫት ወደ ሌላው ጉንጭ አዛወረ።

የጭነት መኪናዎቹ ሰልፍ አግዶት ዘግይቶ ሲደርስ ባሕሩ ሙሉ ነበር። ማሽኗ እስከ ካቢናዋ መስኮት ሰምጣለች። ዘከሪያ በተዘረጋው ክንድ ላይ ተቀምጧል፤ ሰደርያው ከሩቅ ያብረቀርቃል። ስልኩ ሲወድቅበት ሊይዘው ጎንበስ ሲል እግሩን ብረት ቀዶታል። ዓሣ አጥማጆች በትንሽ ጀልባ አወረዱት። ዳርቻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያለው «ግጥም አድርጌው ነበር» ነው።

ከሊፋ አመሻሹ ላይ መጣ። አልጮኸም። ማሽኗን አየ፣ የዘከሪያን እግር አየ፣ ለተከራዩ ሰዎች በፈረንሳይኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ኦፕሬተሩ የባሕሩን ሰዓት አላከበረም አለ። በማግስቱ ፔካ ዱዝ ላይ ያሉ ግቢዎች ሁሉ ይህን ያውቁ ነበር።

የተከራዩ ድርጅት የሥራ ኃላፊ ዮሳዲቅ የሚባል ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ነው። ገለታ ሄዶ ሁሉንም ነገረው፤ እጥበቱን፣ ሶኬቱን፣ ስልኩን። ዮሳዲቅ እስኪጨርስ ሰማው።

«ማሽኗ ስትወጣ እኔ ባለሁበት ትከፍታታለህ» አለው። «ውሃ ሳይገባት በፊት የነበረ ብልሽት ካሳየኸኝ እጽፍልሃለሁ። ልጁ ነፃ ነው ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለገበት ይነዳል።»

ማሽኗ ለመውጣት ቀናት ፈጀች፤ ጭቃው ይዟት ነበር፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸፍናታል። ዘከሪያ በእነዚያ ቀናት ካርቲየ 5 ያለችው ክፍል ውስጥ ተኝቶ ጣሪያ ያያል። ወረቀት ስለሌለው ፖሊስ እንዳያገኘው ቀን አይወጣም። በመጨረሻ በሁለት ዶዘር ጎትተው ከሊፋ ግቢ አመጧት። ከሊፋ በሩን ራሱ ከፈተ። «ክፈታት» አለው ገለታን። «ካገኘህ ንገራቸው። አልቀየምህም።»

ገለታ የጎኑን በር ከፈተ። ዮሳዲቅ ከኋላው ቆሟል። ሶኬቱ በቦታው ነው፣ ዘከሪያ እንዳለው ግጥም ብሏል። ነቀለው። ውስጡ አረንጓዴና ነጭ ነው። የወለሉን ሶኬት ነቀለ፤ አረንጓዴና ነጭ ነው። ማንም ነክቶት የማያውቀውን የመብራት ሶኬት ነቀለ። እሱም እንደዚያው ነው። ቴስተሩን አስገባ፤ ቁጥሩ እንደ እብድ ይዘላል፣ አሥር ይላል፣ ሁለት መቶ ይላል። የቧንቧው ጨውና የባሕሩ ጨው አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተዋል።

ወደ ጎኑ ሶኬት ተመለሰ። በመጨረሻ አንድ ነገር አገኘ። ከሁለቱ የመነጋገሪያ ሽቦዎች የአንዱ ጥርስ ተበልቶ እንደ መርፌ ጫፍ ቀጥኗል፤ ሲነካው ተሰበረ።

«ይሄ ነው» አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። «ይሄውልህ።»

ዮሳዲቅ መነጽሩን አንስቶ ቀረብ ብሎ አየ። «እንዲህ ለመበላት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

ገለታ መልሱን ያውቃል። በቧንቧ ውሃ ሳምንታት። በባሕር ውሃ ውስጥ፣ ባትሪው እንደተገናኘ ቁልፉም እንደተከፈተ ከሆነ ግን፣ አንድ ሌሊት።

«ሳምንታት» አለ።

ዮሳዲቅ ወደ ባትሪው ሳጥን ሄደ፣ ክዳኑን አነሳ፣ አየ፣ ዘጋው።

«ስትሰምጥ ባትሪው ተነቅሎ ነበር?»

ገለታ የተሰበረውን ጥርስ በመዳፉ ያዘ።

«ቁልፉስ?»

ቁልፉን ክፍት ተወው ያለው ራሱ ነው። ይህን ለዮሳዲቅ በመጀመሪያው ቀን በራሱ አፍ ነግሮታል።

«አቶ ገለታ፣ አምንሃለሁ» አለ ዮሳዲቅ። «ያመንኩትን መጻፍ አልችልም። ያየሁትን ነው የምጽፈው። ያየሁት ባሕር የበላው ማሽን ነው።»

ሲሄድ ከሊፋ ከጥላው ሥር ተነስቶ መጣ፤ የተሰበረውን ጥርስ ከገለታ መዳፍ ላይ አንስቶ አየውና መሬት ላይ ጣለው።

«ውሸት አይሆንልህም» አለ። «ዕድሜህ ከሽቦ ጋር ነዋ ያለፈው። ሽቦ አይዋሽም።»

«ሽቦ ይዋሻል» አለ ገለታ። «ስልሳ ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ገለታ ዘከሪያን ይዞ ግቢ ለግቢ ዞረ። አንዱ ሥራ የለም አለ። አንዱ፣ ማሽን ያሰመጠው እሱ ነው እንዴ ብሎ እንዲያዩት ሠራተኞቹን ጠራ። ዘከሪያ እየሳቀ ቆመላቸው። «እዩኝ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ዋና ሳላውቅ የወጣሁት እኔ ነኝ።» ሦስተኛው ግቢ ላይ አልገባም፤ አንተ ግባ እኔ እጠብቃለሁ አለና መንገድ ዳር ተቀመጠ።

ዓርብ ጀዋሪያ ስትመጣ ልብሱን አጥቦ ጨርሷል። ሰደርያውን ከፌስታሉ አናት ላይ አድርጎታል።

«የት ልትሄድ ነው?» አለች፤ እያወቀች።

«እሜቴ፣ ባሕሩን ለምጄዋለሁ። አንድ ጊዜ ትቶኛል።»

«ገለታ!»

ገለታ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ዘከሪያ ቀና ብሎ አየው። በዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ገለታ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

«ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ ጋሼ» አለው። «ያልከኝን ሁሉ።»

በማግስቱ ወደ ኦቦክ በሚሄደው ጀልባ ሄደ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የጀዋሪያ ስልክ ከየመን ቁጥር ጮኸ። ደርሰናል አለ። ይሄ የአሻጋሪው ስልክ ነው፣ ብዙ አላወራም፣ ድንበሩን ስንሻገር እደውላለሁ። ከኋላው ሰዎች ይጮሁ ነበር። ጀዋሪያ በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። መልሱን ሳትሰማ ተዘጋ።

ድንበሩን ሲሻገር አልደወለም።

አገር ቤት ክረምት ሲገባ፣ የጂቡቲ አየር ግን እንደ ምድጃ አፍ በሚፋጅበት አንድ ዓርብ፣ ጀዋሪያ የቆጠበችውን ጥያቄ ጠየቀች። ሩዙን ከምድጃው አውርዳ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«ውሃው ሲመጣ ለምን ውጣ አላልከውም?»

«ማሽኗን ጥሎ ከወጣ ሥራውን ያጣል። ሥራውን ካጣ ጀልባ ይሳፈራል ብዬ ነው።»

«ተሳፈረ።»

«አዎ።»

ሩዙን አቀረበች። ሁለቱም በሉ።

ከሊፋ አንድ ነገር ለወጠ። ማሽን እንደመጣ መጀመሪያ ይታጠባል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል፤ ገለታ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ማን እንዲህ አድርግ እንዳለው አልተናገረም። ተከራይ በሚመጣ ቀን አሁን በጨርቅ ብቻ ይጠረጋል። ገለታ እዚያው ይሠራል። ሙሴ ስልሳ የሚለው የለም፤ ኦፕሬተሮቹ ተቀያይረዋል። አንድ አዲስ ኦፕሬተር ማሽን ሊረከብ መጥቶ ደህና ናት ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ ገለታ «አሁን ስልሳ ናት» ይላል። ሰውየው ደግሞ ደህና ናት ማለት ነው ሲለው፣ «አሁን ስልሳ ናት አልኩህ፤ ከጠፋችብህ ወርደህ ሂድ፣ ለማንም አትደውል» ይለዋል።

ጀዋሪያ በ2009 ዓ.ም. እንደ ወትሮው ዓርብ ዓርብ ትመጣ ነበር። ከምሳ በኋላ ያንን የየመን ቁጥር ትደውላለች። አንድ ሴት በተቀዳ ድምፅ በጥሩ ዐረብኛ ትመልሳለች። የጀዋሪያ ዐረብኛ የገበያ ስለሆነ ስልኩን ለገለታ ትሰጠዋለች። ሴትዮዋ ለዓመታት የምትለው አንድ ነበር፤ የደወሉለት ሰው ስልክ ተዘግቷል፣ ቆይተው ይሞክሩ። ገለታ ይህን ይነግራታል። እሷም እሺ፣ ቆይቼ እሞክራለሁ ብላ ስልኩን ትቀበለዋለች።

አዲሱ ባቡር በተመረቀበት ሰሞን አንድ ዓርብ ደወለች። ስልኩን ሰጠችው። ገለታ ጆሮው ላይ አደረገው። ድምፁ ተለውጧል፤ ሴትዮዋ ሌላ ናት፣ ቃሉም ሌላ ነው። የደወሉት ቁጥር የለም አለች። ገለታ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ደግማ ስትጀምርም ሰማ። የተዘጋ ስልክ በሌላው ጫፍ ሰው አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ይሄኛው ግን ጫፍ የለውም።

«ምን አለች?» አለች ጀዋሪያ።

«ያው ነው» አለ ገለታ። «ተዘግቷል። ቆይታችሁ ሞክሩ ነው የምትለው።»

ፊቱን አላየችም። ስልኩን ተቀብላ በቀሚሷ ጠረገችውና ቻርጅ ላይ ሰካችው።